በጠገራ ብርና በምኒልክ ብር ላይ ያሉ እንግዳ መስመሮች፦ የማተሚያው ስንጥቅ ነው ወይስ ጭረት?

ማህሌት_ደሴ
ሰላም ለዚህ ቤት። አያቴ ትታልን ባለፈችው ድሪ ላይ ሁለት ማርትሬዛ (የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር) እና አንድ የምኒልክ ብር አሉ። ለመሸጥ አይደለም፤ ስለያዝኩት ነገር ማወቅ ስለምፈልግ ነው የምጽፈው።

የምኒልኩ ብር ዓመቱ ፲፰፻፺፪ (1892 ዓ.ም.) ነው። በአንበሳው በኩል፣ ከአንበሳው ጀርባ በላይ ተነስቶ «ዘእምነገደ» ከሚለው ቃል መሃል አቋርጦ ጠርዙ ላይ የሚያልቅ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አለ። በንጉሡ በኩል ደግሞ «ምኒልክ» የሚለው ስም ፊደሎች ድርብ ሆነው ይታዩኛል። ከማርትሬዛዎቹ በአንዱ ላይ በንስሩ አንገት አጠገብ የደበዘዘ ጥምዝ መስመር አየሁ። ከዚህ ሌላ የሁለቱ ንስሮች የጅራት ላባ አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለቱም ግን 1780 ነው የሚሉት። አንዱ ሐሰተኛ ይሆን? ፎቶዎቹን አያይዣለሁ።

መርካቶ_ብር
እህቴ፣ መስመሩ ጭረት ነው። መቶ ዓመት ያለፈው ብር ስንት ሳጥንና ስንት ኪስ ዞሯል። ድርብ የሚመስልሽ ፊደል ደግሞ ከመፋቅ የመጣ ነው። ገበያ ላይ በግራም ነው የሚመዘነው፤ ላባ የሚቆጥር ገዢ አላጋጠመኝም።

ጠገራ_ወዳድ
ማህሌት፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ፎቶሽን ደጋግሜ አየሁት። መርካቶ_ብር ያለውን ከመቀበላችን በፊት አንድ ነገር እናጣራ፦ መስመሩ ከብሩ ገጽ ከፍ ብሎ የወጣ ነው ወይስ ወደ ውስጥ የገባ?

ዋናው ጥያቄ ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። ብር የሚታተመው በሁለት ጠንካራ ብረቶች መሃል ተጨፍልቆ ነው። ብረቶቹ ዳይ ይባላሉ፤ ምስሉ በላያቸው ላይ ተገልብጦና ወደ ውስጥ ተቆፍሮ ይቀረጽባቸዋል። በዳዩ ላይ የተቆፈረ ነገር ሁሉ በብሩ ላይ ከፍ ብሎ ይወጣል። ዳዩ ስንት ሺህ ጊዜ ሲመታ ቆይቶ ይሰነጠቃል። ብሩም በዚያ ግፊት ወደ ስንጥቁ ይገባና ከፍ ያለ ቀጭን መስመር ሆኖ ይቀራል። የተሰነጠቀ ምጣድ በሚጋገርበት እንጀራ ሁሉ ላይ ያንኑ መስመር እየደገመ እንደሚተው ማለት ነው። ጭረት ግን ብሩ ከታተመ በኋላ የሚመጣ ስለሆነ ቆፍሮ ይገባል እንጂ ከፍ ብሎ አይወጣም።

ችግሩ ፎቶ ዓይንን ማታለሉ ነው። መብራቱ ከታች በኩል ከመጣ ከፍ ያለው ጎድጓዳ፣ ጎድጓዳው ከፍ ያለ መስሎ ይታያል። ስለዚህ በመስመሩ ብቻ አትፍረጂ። መብራቱን ከአንድ ጎን ብቻ፣ ዝቅ አድርገሽ አምጪውና አጠገቡ ያለውን ፊደል እዪ። ፊደሉ ከፍ ያለ መሆኑን እናውቃለን። የመስመሩ ጥላ ከፊደሉ ጥላ ጋር በአንድ ወገን ከወደቀ መስመሩም ከፍ ያለ ነው። በተቃራኒው ወገን ከወደቀ የገባ ነው። ከዚያ ብሩን ግማሽ ዙር አዙሪና ድገሚው። አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ካለሽ በቂ ነው።

አደራ፣ ሎሚም አመድም የጥርስ ሳሙናም አታስነኪው። ያ ጠቆር ያለ ቆዳ ብዙ ነገር ይመሰክራል፤ ቆየት ብለን እንመጣበታለን።

ማህሌት_ደሴ
ጋሽ ጠገራ፣ አመሰግናለሁ። ሌሊት በስልኬ መብራት ሞከርኩት። ጥላው «ነ» ከሚለው ፊደል ጥላ ጋር በአንድ ወገን ነው የወደቀው፤ ሳዞረውም አብሮ ይዞራል። በጥፍሬ ሳስኬድበትም በጣም በትንሹ ይዘኛል። ፊደሉ ላይ ሲደርስ አይቋረጥም፣ ግን ይደበዝዝና በሌላው ወገን እንደገና ይጎላል።

ጠገራ_ወዳድ
ይህ ጥሩ ምልከታ ነው። ስንጥቅ ሜዳው (ምስልና ፊደል የሌለበት ባዶ ገጽ) ላይ ጎልቶ ፊደሉ ላይ መደብዘዙ የሚጠበቅ ነው። በዚያ ላይ ጠርዙ ድረስ መሄዱ ሌላ ምልክት ይሆናል፤ ዳይ አብዛኛውን ጊዜ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዳሩ ነው፣ ፊደሎች የተደረደሩበት ቦታ ደግሞ ደካማው ስለሆነ ስንጥቁ ፊደል ለፊደል ይሄዳል። ስንጥቁ እየሰፋ ሄዶ የዳዩ ዳር ተገምሶ ቢወድቅ፣ ከዚያ በኋላ በሚታተመው ብር ጠርዝ ላይ ምንም ምስል የሌለው ጉብታ ይወጣል።

አሁን ወደ ድርቡ ፊደል። በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁለት ዓይነት መደረብ አለ። አንደኛው በብሩ ማተሚያ ማሽን ላይ የሚደርስ ነው፦ ዳዩ ከመታ በኋላ ሲነሳ ትንሽ ይንሸራተትና የፊደሉን ጎን ይጨፈልቀዋል። ይህ ሲሆን ፊደሉ አጠገብ ጠፍጣፋ፣ ዝቅ ያለ ደረጃ ይታያል፣ ዋናው ፊደል ራሱም ቀጥኖ ይቀራል። ይህ ከብር ብር ይለያያል፣ የተለየ ዋጋም አይሰጠውም።

ሁለተኛው የሚመጣው ከዳዩ አሠራር ነው። በድሮው አሠራር ዳዩ የሚሠራው ከፍ ያለ ምስል ባለው ሌላ ብረት ደጋግሞ በመጫን ነበር። በሁለተኛው ጭነት ጊዜ የፀጉር ያህል ከተዛነፈ ፊደሉ በዳዩ ላይ ሁለት ጊዜ ይቀረጻል። ያ ዳይ የሚያትመው ብር ሁሉ ድርብ ይሆናል። በዓለም የታወቀው የአሜሪካኑ የ1955 አንድ ሳንቲም ነው፤ ያለ መነጽር እንኳ ዓመቱ ሁለት ሆኖ ይነበባል። በዚህኛው ዓይነት ሁለቱም ፊደሎች ክብነታቸውን እንደያዙ ናቸው፣ ጫፎቻቸው ላይም እንደ ቅርንጫፍ የተሰነጠቀ ነገር ታያለሽ።

ለግዕዝ ፊደል የትኛውን እንመልከት? «ን» እና «ል» ላይ ያለውን የእግር ጫፍ እዪ። ጫፉ ሁለት ሆኖ መሃሉ ላይ እንደ ቪ ያለ ክፍተት ካለ አስደሳች ነው። ጫፉ አንድ ሆኖ አጠገቡ ጠፍጣፋ ደረጃ ካለ የማሽኑ መንሸራተት ነው። በላክሽው ፎቶ እኔ ደረጃ ነው የማየው። የተጠጋ ፎቶ ካገኘሁ ግን በእርግጠኝነት እነግርሻለሁ።

አንጥረኛው_ልጅ
በመሃል ገባሁ፣ ይቅርታ። አባቴም እኔም የምንሠራው በብር ነው። ጋሽ ጠገራ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ከድሪ የወጣ ብር ከሆነ ከፍ ያለ መስመር ሁሉ የዳይ ስንጥቅ አይደለም። ማንጠልጠያው ሲበየድ የቀለጠው መበየጃ በጠርዙ ላይ ይፈስና ወደ ሜዳው ቀጭን ምላስ ያወጣል። ያም ከፍ ያለ ነው፣ ያም ጥፍር ይይዛል።

እንዴት ይለያል? መበየጃ በፊደሉ ላይ ይጋለባል፤ የፊደሉን ጥግ ሞልቶ ያለሰልሰዋል። መልኩም ይለያል። መበየጃ ብር ዚንክና መዳብ ስለሚበዛበት ሲጠቁር ቢጫ ወይም ግራጫ ያደላል፣ የብሩ ቆዳ ግን ወጥ ነው። ጋሽ ጠገራ አትጠቢው ያሉት ለዚህ ይመስለኛል፤ ተወልውሎ ከነጣ ይህ ልዩነት ይጠፋል። ደግሞ መስመሩ የሚያልቀው ማንጠልጠያው ባለበት በኩል ነው ወይስ በሌላ? ከማንጠልጠያው ርቆ ከሆነ እኔም ስንጥቅ ነው እላለሁ።

ማንጠልጠያውን ለማስነሳት ግን እንዳታስቢ። እሳት ሲነካው የብሩ ገጽ ይቀየራል፣ ፋይል (ሞረድ) ከገባበት ደግሞ ጠርዙ አለቀ። በእኛ ሰፈር ስንቱ የምኒልክ ብር ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆኗል፣ ያሉትን እንዳሉ ማቆየት ይሻላል።

ማህሌት_ደሴ
ማንጠልጠያው ያለው ከዘውዱ በላይ ነው። መስመሩ የሚያልቀው በጎን ነው፤ በመሃላቸው ብዙ ርቀት አለ። መልኩም ከአካባቢው አይለይም።

ጠገራ_ወዳድ
እንግዲያው የዳይ ስንጥቅ ነው፣ እኔ አልጠራጠርም። የአንጥረኛው ልጅ የጨመረው ለሁላችንም ጠቃሚ ነው፤ የውጭ አገር መጻሕፍት ስለ ድሪ አይጽፉም።

ይህ ስንጥቅ ምን ይጠቅማል ለሚል፦ ሌላ የ1892 ብር ያለው ሰው በዚህ ቤት ካለ፣ «ዘእምነገደ» የሚለውን ቃል ይመልከትልን። ያው መስመር አጠር ብሎ ከተገኘ ከማህሌት ብር ቀድሞ፣ ረዝሞ ከተገኘ ከእሷ ብር በኋላ በዚያው ዳይ የታተመ ነው ማለት ነው። እንዲህ እየተባለ ነው የአንድ ዳይ ዕድሜ ከመጀመሪያው እስከ መሰበሩ የሚዘረጋው።

በነገራችን ላይ የምኒልክ ብር ላላቸው ሁሉ፣ ከዳይ ምልክት በፊት መታየት ያለበት የአንበሳው እግር ነው። በ1887ቱ ብር ላይ አንበሳው ያነሳው የግራ የፊት እግሩን ነው፣ በ1892ቱ ላይ የቀኙን። ይህ ጉድለት አይደለም፣ የንድፍ ለውጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ የታተሙት በፓሪስ ነው፣ በ1894 እ.ኤ.አ.። ክብደቱ 28.075 ግራም፣ ንጹሕ ብሩ ከሺህ 835 ነው። ማርትሬዛውን እንዲተካ ተብሎ ስለተሠራ መጠኑም ክብደቱም ከእሱ ጋር የተጠጋ እንዲሆን ተደረገ።

ቪየና_ነኝ
ስለ ማርትሬዛዎቹ እኔ ልመልስ፤ ለከተማው ስለቀረብኩ ብቻ ሳይሆን ዓመታት የተከታተልኩት ጉዳይ ስለሆነ።

ማህሌት፣ የላባ ልዩነት ሐሰተኛ አያሰኝም። ንግሥቲቱ በ1780 ሞተች (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ዓመቱም እዚያው ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ እስከ ዛሬ የታተመው ሁሉ 1780 ይላል። በምስሏ ሥር ያሉት ኤስ እና ኤፍ ፊደሎች በጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት የነበሩት የሾብል እና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው። እነሱም ሳይለወጡ ቀጠሉ፣ ምክንያቱም በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ገበያ ከለመደው ምስል ትንሽ የተለወጠ ብር አልቀበልም ይል ነበር። የእኛ ሰዎችም በራስ ጌጧና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ሉሎች ቆጥረው፣ ሁለቱን ፊደሎች አይተው ነበር የሚቀበሉት። ጣሊያን በ1918 ለኤርትራ ብላ ተመሳሳይ ሴት ያለችበት ብር አወጣች፤ ገበያው ፊቱን አዞረባት።

ማተሚያ ቤቶቹ ግን ብዙ ነበሩ። ጉንዝቡርግ፣ ቪየና፣ ፕራግ፣ ሚላን፣ ቬኒስ በየዘመናቸው አትመዋል። በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ ከኦስትሪያ ዳዮቹን ለሃያ አምስት ዓመት ወሰደና ሮም ማተም ጀመረች። የሌላው አገር ነጋዴ ብር ሲያጣ ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስ የየራሳቸውን ዳይ ቀርጸው ገቡበት። ቦምቤይ በ1940 እና 41 ያተመችው በምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ ጊዜ ነው፤ ያ ብር በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ጎጃም አርበኞች ዘንድ የገባበት ዘመን ማለት ነው። የሮም ውል ሲያበቃ፣ በ1961፣ ኦስትሪያ ሥራውን ወደ ራሷ መለሰች።

እያንዳንዱ ማተሚያ ቤት ዳዩን እንደገና ሲቀርጽ እጁ ትንሽ ይለያያል። ልዩነቱ የሚወጣው በንስሩ ጅራት ላባ አደራደር፣ በትከሻ ጌጧ ሉሎች ቁጥርና ቅርጽ፣ በነጠብጣቦቹ ቦታ፣ በመጋረጃዋ እጥፋትና በጎኑ ላይ ባለው የሐረግ ጌጥ ነው። ጎኑ ላይ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ጽሑፍ አለ፤ በቃላቱ መሃል ያለው ሐረግ ከቤት ቤት ይለያል። አንድ ምልክት ብቻ ይዞ «ይህ የቦምቤይ ነው» ማለት ግን አይሆንም። ቢያንስ ላባው፣ ሉሉና የጎኑ ሐረግ አንድ ላይ መስማማት አለባቸው።

መርካቶ_ብር
ጥያቄ አለኝ። እኔ ጋ የመጡ ሁለት ማርትሬዛዎች አሉ፣ ሁለቱም ላይ በንግሥቲቱ ጉንጭ አንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ጠባሳ አለ። እናንተ እንደምትሉት አንድ ዳይ ያተማቸው ናቸው ማለት ነው?

ጠገራ_ወዳድ
ወንድሜ፣ ጥሩ አመጣኸው። ጠባሳው ከፍ ያለ ነው የገባ?

መርካቶ_ብር
የገባ ነው። ጥፍር ይገባበታል።

ጠገራ_ወዳድ
እንግዲያው ሁለቱንም አትሽጣቸው፤ ተጠንቀቅ። ከፍ ያለ ምልክት ከአንድ ዳይ በወጡ ብሮች ሁሉ ላይ ይደገማል፤ ያ የሚጠበቅ ነው። የገባ ጭረት ግን ብሩ በሰው እጅ ከዋለ በኋላ የሚደርስበት ነው፤ አንዱ የወደቀበት ድንጋይ ሌላውን በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቅርጽ አይመታውም። ሁለት ብር አንድ ዓይነት የገባ ጠባሳ ከያዙ፣ ሐሰተኛ የሚሠራው ሰው ያንን ጠባሳ የያዘ አንድ ብር እንደ ናሙና ወስዶ ቅርጽ አውጥቶበታል ማለት ነው። ጠባሳው ከቅርጹ ጋር አብሮ ተቀዳ። እንደዚህ ያለውን ከሚያጋልጡት ምልክቶች ይህን የሚያህል ጠንካራ አላውቅም።

ሌላም ፈልግ። በቅርጽ ተፈስሶ የተሠራ ከሆነ ሜዳው ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ክብ ክብ ቀዳዳዎች፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ዙሪያውን የሚሄድ የመጋጠሚያ መስመር ወይም በፋይል የተፋቀ ቦታ ታገኛለህ። ፊደሎቹ ጥግ የላቸውም፣ ሳሙና ይመስላሉ።

አንጥረኛው_ልጅ
በውኃ ለኩት። ይህ እኛ ቤት የማይቀር ነገር ነው። ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ የሚያሳይ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል። መጀመሪያ ብሩን በደረቁ ትመዝናለህ፤ ማርትሬዛ 28.07 አካባቢ መሆን አለበት፣ ያረጀ ትንሽ ይቀንሳል። ከዚያ ብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ ታስቀምጥና ዜሮ ታደርገዋለህ። ብሩን በስፌት ክር አስረህ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ታንጠለጥለዋለህ፤ ታችም ጎንም እንዳይነካ፣ አረፋም እንዳይይዝ። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ብሩ የገፋው ውኃ ክብደት ነው። ለደህናው 2.75 አካባቢ ይሆናል። ደረቁን በዚህ ስታካፍለው 10.2 ይሰጥሃል፤ ከሺህ 833 ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ሲሆን የሚወጣው ቁጥር ይህ ነው። የምኒልክ ብርም 835 ስለሆነ ከዚህ አይለይም። መዳብና ኒኬል ከሆነ 8.9 ላይ ይወድቃል፤ እዚያ ላይ ክርክር የለም።

ማንጠልጠያ ያለበትን ግን እንደዚህ አትለኩት፤ መበየጃውና ቀለበቱ ቁጥሩን ያዛባሉ።

ማህሌት_ደሴ
የእኔ ሦስቱም ማንጠልጠያ ስላላቸው አይሆንልኝም ማለት ነው። ስለ ጥምዝ መስመሩ ግን የመለሰልኝ የለም፤ በንስሩ አንገት አጠገብ ያለው።

ጠገራ_ወዳድ
ረስተነው አይደለም፤ የሚገርመው እሱ ስለሆነ ለብቻው ልመልሰው ፈልጌ ነው። ማሽኑ ሲሠራ አንዳንዴ በመሃል የሚገባው ክብ ብር ይዘገያል። ሁለቱ ዳዮች እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ የአንዱ ምስል ዳር መስመር በሌላው ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚታተሙት ብሮች በንስሩ በኩል የንግሥቲቱን አገጭ፣ አንገት ወይም የመጋረጃዋን ዳር በደብዛዛው ያሳያሉ። ሙሉ ምስሏ አይታይም፤ ዳር መስመሩ ብቻ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የንግሥቲቱን በኩል ቀጥ አድርገሽ ፎቶ አንሺ። በስልክሽ ላይ ፎቶውን እንደ መስተዋት ገልብጪው። በግማሽ ግልጽ አድርገሽ በንስሩ ፎቶ ላይ ደርቢው፤ ጠርዝ ከጠርዝ ይግጠም። ሁለቱ ገጾች እርስ በርስ ዞረው የታተሙ ከሆነ የላይኛውን ቀስ እያልሽ ማዞር ሊያስፈልግ ይችላል። ጥምዟ መስመር ከአገጯ ወይም ከደረቷ ዳር ጋር ከገጠመች የዳይ ግጭት ነው። ከምንም ጋር ካልገጠመች ሌላ ነገር እንፈልጋለን።

ማተሚያ ቤቶች ግጭቱን ሲያዩ ዳዩን ፍቀው ያጠፉታል። ሲፍቁ ደግሞ ሌላ ምልክት ይተዋሉ፤ ሜዳው ላይ ከፍ ያሉ ትይዩ ጥቃቅን መስመሮች። አብዝተው ከፋቁ ምስልም ይጠፋል። በአሜሪካ ዴንቨር በ1937 እንዲህ ያለ ዳይ ሲፋቅ በአምስት ሳንቲሙ ላይ ያለው የጎሹ አንድ የፊት እግር ጠፋ፤ ባለ ሦስት እግር ጎሽ ተብሎ እስከ ዛሬ ይፈለጋል።

ሳንቲም_1936
ስለ ቆመ ዓመት ከተነሳ የእኔም ዘርፍ ይነሳ። ከነጻነት በኋላ ለዕለት መገበያያ የወጡት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች 1936 (ዓ.ም.) ይላሉ፣ ግን አንድ ሳንቲሙ እስከ ንጉሡ መጨረሻ ዘመን ድረስ ታትሟል፤ በፊላደልፊያ፣ በበርሚንግሃምና በለንደን። የንጉሡን ምስል የቀረጸው የአሜሪካኑን የሩዝቬልት አሥር ሳንቲም የሠራው ጆን ሲኖክ ነው። የምኒልክ ግርሽም እንደዚሁ ነው፣ 1895 የሚለው በፓሪስ ለብዙ ዓመት ሲታተም ኖሯል። 1780፣ 1895፣ 1936፤ በአገራችን እጅ ለእጅ በብዛት የዞሩት ገንዘቦች ላይ የተጻፈው ዓመት መቼ እንደታተሙ አይናገርም። የፊደሉ ውፍረት፣ የጠርዙ ስፋት፣ የዳዩ ስንጥቅ ናቸው የሚናገሩት። ሌላው ዓለም የዳይ ምልክትን እንደ ትርፍ ጨዋታ ቢያየውም ለእኛ የታሪክ ማስረጃ ነው፤ ይህን ሥራ የሚሠራው ደግሞ እኛው ካልሆንን ማንም የለም።

ሃያ አምስት ሳንቲሙን ብቻ ውሰዱ። መጀመሪያ ክብ ነበር። መዳብ ቢሆንም መጠኑ ከብር ከተሠራው ሃምሳ ሳንቲም ጋር ስለሚቀራረብ ሰዎች ብር እየቀቡ በሃምሳ ያሳልፉት ጀመር። ከዚያ ተሰብስቦ ጠርዙ እየገባ የሚወጣ ሆኖ ተሠራ። ክቡ ዛሬ ብርቅ ነው። ያገኛችሁት ክብ ከሆነ ግን ጠርዙን እዩ፤ ከጠርዛሙ ተፍቆ ክብ የተደረገ እንዳይሆን። የተፋቀው ስፋቱ ይቀንሳል፣ ዙሪያው ያለው ከፍ ያለ ከንፈርም አይኖርም።

በቴሌግራም «ይህ ሳንቲም ካለዎት ሚሊየነር ነዎት» የሚለውን ግን አትመኑ። የ1969ኙ ሳንቲም አንበሳ ከአገጩ ሥር ያለው ጢም ሁለት ዓይነት መሆኑ እውነት ነው፤ የተለያዩ ማተሚያ ቤቶች ስላተሙት ነው። ሁለቱም በብዛት የሚገኙ ናቸው።

ቤዛ_ዲሲ
ለሁላችሁም ሰላም። እኔ ጋ ከአገር ቤት የተላከልኝ ትንሽዬ ነሐስ ሳንቲም አለ፤ የአክሱም ነው ተባልኩ። በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅማ ነገር ይታያል። ይህም የማተም ስህተት ነው?

ጠገራ_ወዳድ
እህቴ፣ ስህተት አይደለም። አክሱማውያን በብርና በነሐስ ሳንቲሞቻቸው ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ ወርቅ ይለብጡ ነበር፤ በዚያ ዘመን ሌላው የማይሠራው ጥበብ ነው። በመዶሻ የታተሙ ስለሆኑ ምስሉ ወደ አንድ ወገን መሸሹ ወይም ጠርዙ መሰንጠቁም የተለመደ ነው።

ግን ሌላ ነገር ልንገርሽ። የአክሱም ሳንቲም ቅርስ ነው። በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር መውጣት አይችልም። እንዴት እንደ ወጣ የላከልሽን ሰው ጠይቂ፣ ከዚያ የቅርስ ባለሥልጣንን ማነጋገር ነው። እዚህ ቤት ስለ ዋጋው ባንወያይ እመርጣለሁ።

ማህሌት_ደሴ
ደረብኩት! ጋሽ ጠገራ እንዳሉት ገልብጬ ትንሽ ሳዞረው ጥምዟ መስመር በአገጯና በአንገቷ መሃል ላይ ቁጭ አለች። ፎቶውን አያይዣለሁ። የ«ምኒልክ»ንም በቅርብ አንስቼዋለሁ።

ጠገራ_ወዳድ
ግጭት ነው፣ እንኳን ደስ አለሽ። በጣም ንጹሕ ነው። «ምኒልክ» ግን የማሽን መንሸራተት ነው፤ «ን» ላይ ያለው ደረጃ ጠፍጣፋ ነው፣ ጫፉም አልተሰነጠቀም። የስንጥቁን ፎቶ ግን ከክብደቱና ከዓመቱ ጋር በዚሁ ውይይት ሥር አስቀምጪው፤ ሌላ 1892 ያለው ሰው ሲመጣ እናነጻጽረዋለን። አዲስ አበባ ከመጣሽ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ ያሉትን ሳንቲሞች እዪ፤ ያልተበየደ፣ ያልተፋቀ ብር ምን እንደሚመስል ዓይንሽ ይለምዳል።

ቪየና_ነኝ
ማህሌት፣ እኔ ደግሞ የሁለቱንም ማርትሬዛ ጎን እፈልጋለሁ። ላባዎቹን አይቻለሁ፤ የአንዱ ጅራት መሃል ላባ ከጎኖቹ ረዝሞ ጎልቷል፣ የሌላው ወጥ ነው። ማተሚያ ቤት ለመጥራት ግን ሐረጉን ሳላይ አልደፍርም። ብሩን በሁለት መጽሐፍ መሃል አቁሚው፣ ስልኩን ከጎኑ ጋር ትይዩ አድርጊ፣ አንድ ፎቶ ካነሳሽ በኋላ ትንሽ እያንከባለልሽ ዙሩ እስኪያልቅ ቀጥዪ። እያንዳንዱ ፎቶ ከቀድሞው ጋር ቢያንስ አንድ ፊደል ይጋራ፣ አለዚያ ስንገጣጥመው ሐረጉ የቱ ጋ እንደተቋረጠ አናውቅም። ማንጠልጠያው ያረፈበትን ቦታ ዝለዪው፤ እዚያ ጋ ሐረጉ በመበየጃ ተሸፍኗል።